ምስልን ከጠራው መቅዳት፦ ዴክን፣ ካሜራንና ሪሲቨርን ወደ ሳሎን ኮምፒውተር ስለ ማስገባት

ለባሕር ዳር ነዋሪዎችና ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለ ተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸው አንድ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ፣ አንድ የእጅ ካሜራ፣ አንድ የዲሽ ሪሲቨር፣ ጥቂት ገመዶችና ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ አንድ ኮምፒውተር ናቸው። ኮምፒውተርን ሳሎን ውስጥ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አያይዞ ፊልሙንም፣ መዝሙሩንም፣ የቤተሰብ ፎቶውንም ከአንድ ቦታ ማየት ምን ያህል እንደሚመች የሞከረው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት እጅግ የሚወደደው ምስል እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፤ ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል ተቋጥሮ በተቀመጠ የሠርግ ካሴት፣ ወይም ባትሪው ከሞተ ብዙ ዓመት በሆነው ካሜራ ውስጥ ነው ያለው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ከውጭ ያለ ምስል ወደ ውስጥ ስለ ማስገባት ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሚስማማ ቃል አዘጋጅቶልናል። ውኃም እንቀዳለን፣ ካሴትም እንቀዳለን። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውኃ ሲቀዳ ከብት የረገጠውን፣ ጭቃ የተቀላቀለበትን ዳርቻ ትቶ ገባ ብሎ ከጠራው ይቀዳል፤ አንዴ የደፈረሰውን እንስራ ውስጥ ካስገባ በኋላ ማጥለሉ እንደማያጠራው ያውቃልና። ምስልም እንዲሁ ነው። ከካሴቱ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ ይለወጣል፣ ይታመቃል፣ ይቀላቀላል፤ በእያንዳንዱም ለውጥ የሚጠፋ ነገር አለ። ስለዚህ እኔ በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ እየጠየቅሁ ነው የምሠራው፦ ይህ ምልክት ለምንጩ በጣም ቀርቦ፣ ገና ሳይደፈርስ የሚገኘው የት ላይ ነው? ገመዱም፣ ዕቃውም፣ ሶፍትዌሩም የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ በጣም የተለመደውን ስሕተት ላንሣ። ሰው ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኝና ምስሉ እንዲመጣ ይጠብቃል፤ አይመጣም። ገመዱን ይለውጣል፣ ሪሲቨሩን አጥፍቶ ያበራል፣ በመጨረሻም ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ላፕቶፑ አልተበላሸም። በላፕቶፕና በተራ ኮምፒውተር ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መውጫ እንጂ መግቢያ አይደለም፤ የሪሲቨሩም እንዲሁ መውጫ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ሁለት የቧንቧ አፎችን ፊት ለፊት እንደ መግጠም ያህል ነው፤ ሁለቱም ሊሰጡ እንጂ ሊቀበሉ አልተሠሩም። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ቅርጹ ያው ሆኖ ሳለ መግቢያ በመሆኑ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እንግዲህ በመካከል ምስሉን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። ሱቆች ካፕቸር ካርድ ይሉታል፤ እኔ መቅጃ እለዋለሁ።

መቅጃ ስትገዙ ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «4ኬ» ከማመናችሁ በፊት በየትኛው ዩኤስቢ እንደሚሠራ ተመልከቱ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 2 ባይት ብንሰጥና በሴኮንድ 60 ምስል ብንልክ፣ በሴኮንድ 249 ሚሊዮን ባይት ያህል፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነም ወደ 2 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 480 ሚሊዮን ቢት ነው። ስለዚህ በዩኤስቢ 2.0 የሚሠራ ርካሽ መቅጃ ምስሉን በውስጡ ሳያምቀው ወይም የምስሉን ቁጥር ሳይቀንስ ሊያሳልፈው አይችልም፤ «4ኬ» የሚለውም መቀበል የሚችለውን እንጂ ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን አይነግራችሁም። ዩኤስቢ 3.0 ግን እስከ 5 ቢሊዮን ቢት ስለሚያሳልፍ ሙሉ ኤችዲውን ሳይታመቅ ያደርሳል።

ለአሮጌ ካሴት ግን ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም፤ ይህን የምለው ገንዘባችሁን በከንቱ እንዳታወጡ ነው። በአገራችን የተለመደው የአናሎግ ሥርዓት ፓል ይባላል፤ 625 መስመር ሲኖረው ከእነዚህ ምስል የሚይዙት 576 ናቸው፣ በሴኮንድም 25 ምስል ያሳያል። ወደ ዲጂታል ሲለወጥ 720 በ576 ፒክስል ይሆናል፤ ሳይታመቅ እንኳ በሴኮንድ ከ21 ሚሊዮን ባይት አይበልጥም። ይህን ዩኤስቢ 2.0 ያለ ችግር ይሸከመዋል።

አሁን ወደ ዴኩ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ፣ ጊዜ የማይሰጠን ጉዳይ እርሱ ስለሆነ ነው። ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አወጣው፤ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ድርጅት ፉናይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቆመ። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ምትክ የሌለው ዕቃ ይዟል ማለት ነው።

የዴኩን ጀርባ ተመልከቱ። በአንቴና ገመድ የሚወጣበት መሰኪያ አለ፤ ጥንት ብዙ ቤት ዴኩን ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኝ የነበረው በዚህ ነበር። ከዚህ አትቅዱ፤ ዴኩ ምስሉንና ድምፁን ቀላቅሎ እንደ ጣቢያ ሞገድ ካደረገው በኋላ ያለው ዳርቻ ነው። ከእርሱ የተሻለው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆነው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነው፤ ቢጫው ምስሉን፣ ነጩና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፁን ይይዛሉ። በቢጫው ውስጥ ግን ብርሃኑና ቀለሙ አንድ ላይ ተቀላቅለው ስለሚሄዱ እንደ ጥልፍ ያለ ደቃቅ መስመር ላይ የሌለ ቀለም ሲንቀለቀል ታያላችሁ። ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ የሚያወጣው ኤስ ቪዲዮ የሚባለው ክብ፣ ባለ አራት እግር መሰኪያ ነው። በተራ ዴክ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ በሱፐር ቪኤችኤስ ዴክና በሃይ ኤይት ካሜራ ላይ ግን አለ። ካለ ምስሉን ከእርሱ ቅዱ፤ ድምፅ ስለማይይዝ ነጩንና ቀዩን ገመድ ከጎኑ አትርሱ።

ብዙ ሰው ከሱቅ ገዝቶ የሚመጣውን አንዲት ትንሽ ሣጥን እዚህ ላይ ላንሣ። በአንድ በኩል ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ትቀበላለች፣ በሌላ በኩል ኤችዲኤምአይ ትሰጣለች። ዴኩን ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ለማየት ያህል ጥሩ ናት። ለመቅዳት ግን አልመክራትም። ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ፓል አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ በሴኮንድ የሚታየው 25 ምስል እያንዳንዱ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው። ስለዚህ ካሜራው እንቅስቃሴን የያዘው በሴኮንድ 25 ጊዜ ሳይሆን 50 ጊዜ ነው። ያቺ ሣጥን ይህን ምስል አንሥታ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ወደ 60 ትለውጠዋለች፤ 50ውን 60 ለማድረግ አንዳንዱን ምስል ትደግማለች፣ ሁለቱን ግማሾችም እንደ ነገሩ ታጣብቃቸዋለች፣ ከዚያም ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 እጅ የሆነውን የድሮ ምስል ጎትታ ለሰፊው ቴሌቪዥን ትዘረጋዋለች።

ይህ በወሬ ሲነገር ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይታያል። ትከሻው በፍጥነት ሲነቀነቅ በደንብ ያልተቀዳ ምስል ላይ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፣ ወይም እንቅስቃሴው ቆም ቆም ይላል። በትክክለኛ መቅጃ፣ ሁለቱ ግማሾች ሳይነኩ እንደ መጡ ተቀድተው፣ በኋላ በሶፍትዌር እያንዳንዱ ግማሽ ወደ ሙሉ ምስል ሲለወጥ በሴኮንድ 50 ምስል ይገኛል፤ ያን ጊዜ ትከሻው ልክ ሠርጉ ቤት እንደነበረው ይፈስሳል። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ያሉት ያዲፍና ቢደብሊውዲፍ የተባሉ ማጣሪያዎች ይህን በሚገባ ይሠራሉ። ወደ 25 የሚያወርደውን አሠራር የሚመርጡ አሉ፤ በእኔ እምነት የእንቅስቃሴውን ግማሽ መጣል ስለሆነ ለሠርግ ካሴት አይገባም።

ድምፁን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ቤተሰብን የሠርግ ካሴት ስቀዳ ምስሉን በዩኤስቢ መቅጃ፣ ድምፁን ደግሞ በኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ አስገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አየሁ፤ ከበሮውም እጁም አንድ ላይ ናቸው። ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። በማግሥቱ የቤቱ ልጅ መጥቶ ካሴቱ ሊያልቅ ሲል እጁ ከበሮውን ከመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ እንደሚሰማ አሳየኝ። የምስሉ መቅጃና የኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ልዩነታቸው ከ10,000 አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ በ2 ሰዓት ካሴት ላይ 0.72 ሴኮንድ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁንና ምስሉን በአንድ መቅጃ ብቻ አስገባለሁ፤ ከጨረስሁም በኋላ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ከበሮ ወይም ጭብጨባ ያለበትን ቦታ ፈልጌ አያለሁ። የማይክሮፎን ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ የተሠራ በመሆኑ ከዴክ የሚወጣውን ድምፅ ያሻክረዋልና ያንንም ተውሁት።

ድምፅና ምስል የሚራራቁበት ሌላም ምክንያት አለ። የካሴት ክር በዕድሜ ይሳባል፣ በዴኩ ውስጥም ሲሄድ ፍጥነቱ ፍጹም እኩል አይደለም፤ መስመሮቹ ትንሽ እየቀደሙና እየዘገዩ ይመጣሉ። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን ይታገሥ ነበር። መቅጃው ግን ጥብቅ ነው፤ መስመሩ በጊዜው ካልደረሰው ምስሉን ይጥለዋል። የተጣለው ምስል ሲበዛ ድምፁ ብቻውን ይቀጥላል። አንዳንድ ደህና ዴኮች በውስጣቸው ይህን የሚያስተካክል ክፍል፣ ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባለውን፣ ይዘው ይመጣሉ። የምስሉ አናት ወደ ጎን እየታጠፈ የሚያስቸግራችሁ ካሴት ካለ፣ ሶፍትዌር ከመቀያየር ይልቅ እንዲህ ያለውን ዴክ ፈልጉ።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ካሴቱ ጤነኛ ከሆነ ነው። እዚህ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች አንድ የምንጠነቀቀው ጠላት አለን፤ ክረምቱ ከእርጥበቱ ጋር ካሴቱን ያሻግታል። ይህን ካሴት ከዘጌ አንድ ወዳጄ ነው ያመጣልኝ፤ ብዙ ክረምት ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። ወደ መብራቱ ላስጠጋው። በመስኮቱ በኩል ክሩ የተጠቀለለበትን ጎን እዩት፤ ጥቁር ሆኖ ማብረቅረቅ ሲገባው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር ተዘርግቶበታል፣ ከዳር በኩል ደግሞ እንደ ዱቄት ተበትኗል። አሁን ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኜ ክዳኑን ከፍ ሳደርግ ክሩ ራሱ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያችኋል። ይህ ሻጋታ ነው። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ካሴት ዴክ ውስጥ አታስገቡ፤ ሻጋታው የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን የሚዞር ክፍል፣ ይይዘውና ቀጥሎ የምታስገቡትን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ይበክላል፣ ክሩም ተጣብቆ ሊቀደድ ይችላል። አስቀድሞ ደረቅ ቦታ ላይ ማቆየት፣ ከዚያም ክሩን በአልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ቀስ ብሎ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ልምድ ለሌለው ሰው ይህን በራሱ እንዲሞክር አልመክርም። የዴኩን ሄድ ስታጸዱም ጥጥ አትጠቀሙ፣ ቃጫው ሄዱን ይይዘዋል፤ ጨርቁንም ሄዱ በሚዞርበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አታሹት።

ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ያላችሁ ደግሞ ምስሉ እየተንከባለለ ወይም ቀለም አልባ ሆኖ ቢታያችሁ ካሴቱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። የዚያ አገር ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመርና በሴኮንድ 29.97 ምስል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልጋል፤ በሶፍትዌሩ ላይም ኤንቲኤስሲ የሚለውን መምረጥ ይገባል። አንዳንድ የእኛ ዴኮች የኤንቲኤስሲን ካሴት አንብበው ፓል 60 የሚባል ድብልቅ አድርገው ያወጡታል፤ ብዙ መቅጃ ይህን አይረዳምና ዴኩ ላይ ንጹሕ ኤንቲኤስሲ የሚል ምርጫ ካለ እርሱን አድርጉ።

የእጅ ካሜራውን በአጭሩ ልለፍ፣ ነገሩ የተሻለ ነውና። ሚኒ ዲቪ የሚባለው ትንሽ ካሴት ምስሉን ገና ሲቀረጽ ቁጥር አድርጎ ነው የያዘው። ስለዚህ በቢጫው ገመድ መቅዳት የጠራውን አደፍርሶ መቅዳት ነው። ካሜራው ፋየርዋይር የሚባል መሰኪያ አለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ለዚሁ የሚሆን ካርድ ካስገባችሁ ካሴቱ ላይ ያለው መረጃ እንዳለ ይሻገራል፣ አንዱ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለው ካሜራ ካላችሁ አትሽጡት።

ወደ ማከማቻው ስመጣ፣ ሳይታመቅ የተቀዳ አንድ ሰዓት የፓል ምስል ወደ 75 ጊጋባይት ይሆናል። ምንም ሳይጠፋበት ምስሉን የሚያምቁ እንደ ኤፍኤፍቪ1 ያሉ አሠራሮች አሉና ዋናውን ቅጂ በእርሱ አድርጉ፤ ሳሎን ውስጥ ለሚታየው ደግሞ ኤች 264 በሚባለው የማመቂያ አሠራር በሴኮንድ 8 ሚሊዮን ቢት ብታደርጉት ሰዓቱ 3.6 ጊጋባይት ብቻ ይሆንና ኮዲ የተባለው ማጫወቻ ያለ ችግር ያሳየዋል። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አትቅዱ፤ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦቢኤስን በመሰለ ሶፍትዌር ስትቀዱ የፋይሉን ዓይነት ኤምፒፎር ሳይሆን ኤምኬቪ አድርጉ። ተራ ኤምፒፎር ፋይሉን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ የተቀዳው ሁሉ የማይከፈት ይሆናል። ኤምኬቪ ግን መብራቱ እስከ ጠፋበት ደቂቃ ድረስ ያለውን ያተርፍላችኋል። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ለዴኩም ለኮምፒውተሩም አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ ማድረግ ከየትኛውም ውድ መቅጃ ይልቅ ይጠቅማል፤ ድንገት የቆመ ዴክ ክር ይበላልና።

የቀረው ሪሲቨሩ ነው። የሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ ወደ መቅጃ ስትሰኩ ጥቁር ምስል ብቻ ከመጣ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኤችዲሲፒ የተባለው የቅጂ መከላከያ ነው፤ መቅጃው አልተበላሸም። ለነፃ ጣቢያዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚሻል መንገድ አለ፦ ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለውን የሳተላይት ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶ የዲሹን ገመድ በቀጥታ መሰካት። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ሪሲቨር ይሆናል፤ ከሳተላይቱ የወረደውን መረጃ አንድም ጊዜ ሳይለውጥ እንዳለ ይጽፈዋል። ሪሲቨሩ ፈትቶ የሰጠውን ምስል እንደገና አምቆ ከመቅዳት ይህ እጅግ ይሻላል። የጨዋታ መሣሪያን ግን በመቅጃ በኩል እያዩ መጫወት አይመችም፣ ምስሉ ስለሚዘገይ፤ ከመቅጃው ማሳለፊያ መሰኪያ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥን ውሰዱት። የቅጂ መብትን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን ቅጂን ለይቶ እንደሚያይ፣ ቀድቶ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ እንደሆነ አስታውሱ።

ንግግሬን ስጀምር ከፊት የተቀመጡት እማማ አንድ ካሴት ይዘው መጥተው ነበር፤ የልጃቸው ሠርግ እንደሆነ ነግረውኛል። በመስኮቱ አይቼዋለሁ፣ ሻጋታ የለበትም። አስቀድሜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኜ መልሼዋለሁ፤ ለብዙ ዓመት ያልተነካ ክር ተጣብቆ ከሆነ እንዲላቀቅና ውጥረቱ እኩል እንዲሆን ነው። አሁን ዴኩ ውስጥ አስገብቼ መቅዳት ልጀምር ነው። ካሴት ሲቀዳ መቸኮል የለም፤ የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ይህ የእርሳቸው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሆናል፤ እርሱ እየተቀዳ ሳለ ጥያቄ ያላችሁ፣ ካሴትም ያመጣችሁ፣ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ።